ኮዱን ማን ያንብበው?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት እንወዳለን። ድሩ እንዴት እንደሚያብር፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቋጥረው ግን ብዙም አናወራም። እንጀራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ይህ ተረት ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለኝ ሊኑክስ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ የጀመረው ሥራ ዛሬ አንድሮይድ ስልኮቻችን ውስጥም፣ የዓለም ፈጣን ኮምፒውተሮች ውስጥም አለ። ልቡ ከርነል ይባላል። የአንድ ኩባንያ ንብረት አይደለም፤ ማንም ሰው ኮዱን አንብቦ ለውጥ ማቅረብ ይችላል።

ማንም ከሆነ ታዲያ እንዴት አይፈርስም?

በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ አዲስ ቨርዥን ይወጣል፤ በአንዱ ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ለውጦች ይገባሉ። ቶርቫልድስ ይህን ሁሉ አያነብም፣ ሊያነብም አይችልም። ከርነሉ በክፍል በክፍል የተሸነሸነ ነው። ለኔትወርኩ፣ ለፋይሉ፣ ለስክሪኑ ሜንቴይነር የሚባሉ ኃላፊዎች አሉት፤ ስማቸውም በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። ለውጥ ያለው ሰው ለሚመለከተው ኃላፊ በኢሜይል ይልካል፤ ኃላፊው ካመነበት ስሙን ፈርሞ ወደ ላይ ያሳልፈዋል። ለውጡ ያለፈባቸውን ሰዎች ስም ይዞ ስለሚጓዝ፣ በኋላ ነገር ቢበላሽ «እኔ አላየሁም» ማለት የለም።

ጣጣው ያለው ድንበር ላይ ነው። አንዱ ኃላፊ በሱ ክፍል ያለ አንድ ፈንክሽን የሚጠራበትን መንገድ ይለውጣል እንበል። በዚያው ሳምንት ሌላው፣ ይህንን ሳያውቅ፣ ፈንክሽኑን በድሮው መንገድ የሚጠራ አዲስ ኮድ ይጽፋል። ሁለቱም ለየብቻ ሲሞከሩ ደህና ናቸው፤ ሲገናኙ ግን አይሠሩም። ያጠፋ ሰው የለም፣ ሥራው ግን ተበላሽቷል። (የማኅበሮቻችን ጠብ ስንቱ እንዲህ ይሆን?)

ለዚህ ሲባል ከ2008 ጀምሮ የኃላፊዎቹ ሥራ በየሥራ ቀኑ እየተቀላቀለ የሚፈተሽበት ሊኑክስ ኔክስት የተባለ መሞከሪያ አለ። ይህን አድካሚ ሥራ ለረጅም ዓመታት የያዘው ስቴፈን ሮትዌል የተባለ አውስትራሊያዊ ነበር። ግጭት ሲያገኝ ለሁለቱም ወገን ይጽፋል። ከዚያ ይነጋገራሉ፦ ወይ አንዱ «ተስማምቻለሁ፣ በአንተ በኩል ይግባ» ብሎ ፈቃዱን በጽሑፍ ይሰጣል፣ ወይ ሁለቱም የሚወስዱትን አንድ የጋራ ቅርንጫፍ ያዘጋጃሉ። ለአዲስ ነገር በሩ የሚከፈተው ለ2 ሳምንት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥገና ብቻ ነው የሚገባው፣ የዘገየ ቀጣዩን ይጠብቃል። ቶርቫልድስም ግጭት ተሸፋፍኖ እንዲመጣለት አይፈልግም፤ ተነግሮት ራሱ መፍታት ይመርጣል።

እንዲህም ሆኖ ይጣላሉ። ቶርቫልድስ ራሱ በ2018 ሰው በሚያዋርዱ ኢሜይሎቹ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ገለል ብሎ ነበር። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ረስት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ከባድ ክርክር ተነሳ። የቶርቫልድስ ፍርድ፦ አንድ ኃላፊ ረስትን ያለመንካት መብት አለው፤ ሌሎች የሱን ኮድ ከውጭ ሆነው በረስት እንዳይጠቀሙበት ግን መከልከል አይችልም። ለእኔ ትክክለኛ ፍርድ ነው።

ከጠቡ ይበልጥ የሚያሰጋኝ ድካሙ ነው። ኮድ የሚጽፈው ብዙ፣ የሚያነበው ጥቂት ነው። አንባቢው አንድ ብቻውን ሲቀር የሚሆነውን በማርች 2024 አይተናል። ያ የደረሰው ከርነሉ ላይ ሳይሆን ኤክስዜድ በተባለ፣ ብዙ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ ባለ ፋይል መጭመቂያ ነው። አንድ ሰው በትርፍ ጊዜው፣ ያለ ክፍያ ይጠብቀው ነበር። መድከሙንም በይፋ ጽፎ ነበር። አንዳንዶች «ካልቻልክ ለሌላ አስረክብ» እያሉ ሲወተውቱት፣ ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ «አጋዥ» ከ2 ዓመት በላይ ደህና ሥራ እየሠራ አመኔታ አገኘ። ከዚያ የጓሮ በር ቀበረበት። ነገሩን ያጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው፤ ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ብቻ ምክንያቱን ፍለጋ ገባ።

ወጣቶቻችን ኦፕን ሶርስ ውስጥ እንዴት እንግባ ብለው ይጠይቁኛል፤ ሁሉም ግን አዲስ ነገር መጻፍ ነው የሚፈልጉት። እኔ የምላቸው ሌላ ነው፦ ሰው የላከውን አንድ ለውጥ ውሰዱ፣ አንብቡት፣ ማሽናችሁ ላይ ሞክሩትና ያገኛችሁትን መልሳችሁ ጻፉ። ጂዳ ሆናችሁም ሚኒሶታ፣ ዲግሪ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ አሳዩ የሚል የለም። ለውጡ ሲገባ የሞከረውና ያነበበው ሰው ስምም ከጸሐፊው ስም ሥር ይመዘገባል።