ፈረሱን እንመን ወይስ ጫጫታውን?

ሰው ትዳር ሲይዝ ዘር ይቆጥራል፣ ጠባይ ያጠናል፣ ጎረቤት ይጠይቃል። ፈረስ ሲመርጥ ግን ምን ነክቶት ነው ስሙን ብቻ ሰምቶ ኪሱን የሚፈታው?

ይህን የምለው ያለ ነገር አይደለም። ኬንታኪ ደርቢ የሚባለው የአሜሪካኖች ትልቁ የፈረስ ውድድር በተቃረበ ቁጥር እዚያ ያሉ ወዳጆቼ ስልክ ይደውሉልኛል። «አንተ ነገሩን ትከታተላለህ፤ ዘንድሮ ማን ይበላል?» ነው ጥያቄው። ከደዋዮቹ አንዱ ግን ከበድ ያለ ነገር ይዞ መጣ። ልጁ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳል። እጮኛው እዚህ አዲስ አበባ ቀን ትቆጥራለች። ለሠርጉ ካጠራቀመው ገንዘብ ግማሹን አንድ ፈረስ ላይ ሊያስይዝ ቆርጧል። «ሁሉም ሰው እኮ እሱን ነው የሚለው!» አለኝ። እኔም የመለስኩለትን እናንተም ስሙኝ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ርቀቱን እዩ። ደርቢው ከ1875 ጀምሮ ሉዊቪል ከተማ፣ ቸርችል ዳውንስ ሜዳ ላይ ይካሄዳል። ቀኑ በሜይ ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በእኛ ሚያዝያ መጨረሻ ገደማ ነው። የሚሮጡት 3 ዓመት የሆናቸው ፈረሶች ሲሆኑ ርቀቱ 2 ኪሎ ሜትር ከ12 ሜትር ነው። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ከ1800 ሜትር በላይ ሮጠው አያውቁም። ስለዚህ «ስንት ጊዜ አሸነፈ?» ብቻ አይበቃም። ባለፈው ውድድር ሲጨርስ ጉልበት ተርፎት ነበር ወይስ እየተንጠራወዘ ነበር? በ1973 ሴክሬታሪያት የተባለው ፈረስ እያንዳንዱን 400 ሜትር ከፊተኛው እያፈጠነ ሄዶ በ1 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ ገባ። ይህ ሰዓት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሳይሰበር ቆይቷል።

ሁለተኛው ዘር ነው። በቅሎን «አባትህ ማነው?» ቢሉት «እናቴ ፈረስ ናት» አለ አይደል የሚባለው? ደላላም እንደዚያው ነው፤ የሚያኮራውን ወገን ብቻ ያወራላችኋል። እናንተ ሁለቱንም ጠይቁ። ወላጆቹ በአጭር ርቀት ብቻ የታወቁ ከሆነ፣ መጨረሻዋ 200 ሜትር ላይ እግሩ ሊከዳው ይችላል።

ሦስተኛው አብረውት የሚሮጡት ናቸው። እስከ 20 ፈረስ ይሰለፋል። ፊት ፊት መሮጥ የሚወዱት ከበዙ እርስ በርሳቸው ይጨራረሳሉ። በ2022 የሆነው ይኸው ነው። መሪዎቹ የመጀመሪያውን 400 ሜትር በ21.78 ሰከንድ በረሩት፤ በደርቢው እስከዚያ ቀን ያልታየ ፍጥነት ነበር። መጨረሻው ላይ ሲዝሉ፣ ከኋላ የነበረው ሪች ስትራይክ በመሀላቸው ሾልኮ ቀደማቸው። ይህ በ30 ሺህ ዶላር የተገዛ ፈረስ፣ ለመሮጥ እንኳ የተፈቀደለት ሌላ ፈረስ በዋዜማው ስለቀረ ነው። ክፍያውም 80 ለ1 ነበር!

አራተኛው የመነሻ በሩ ነው። ዕጣው የሚወጣው ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነው። 1 ቁጥር የደረሰው አጥሩን ተጠግቶ ስለሚነሳ ሌሎቹ ይጫኑታል። በ1986 ፈርዲናንድ ከዚያ ተነስቶ አሸነፈ፤ እስከ 2025 ድረስ ግን የደገመው የለም። እንግዲህ ዕጣው ሳይወጣ ገንዘብ ማስያዝ ዓይንን ጨፍኖ መንገድ መሻገር ነው።

«ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚለው» ወደምትለዋ ነገር እንምጣ። ኦድ የሚሉት ቁጥር የፈረሱን ጉልበት አይለካም፤ የሰውን ገንዘብ ነው የሚለካው። አጫዋቹ ድርጅት ከተሰበሰበው ድርሻውን ያነሳና የቀረውን ለአሸናፊዎቹ ያካፍላል። ብዙ ሰው የተረባረበበት ፈረስ ቢያሸንፍም ክፍያው ትንሽ ነው። ከ2013 እስከ 2018 ለ6 ዓመት በተከታታይ በብዙ ሰው የተገመተው ፈረስ አሸነፈ። ሰው «በቃ፣ ምስጢሩ ታወቀ!» አለ። ከ2019 እስከ 2025 ባሉት 7 ዓመታት ግን አንዱም አልቀናውም።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ ማንን ልያዝ?» አለኝ። «ፈረሱ ጥሩ ነው፤ እኔም ከመጀመሪያዎቹ አራት ውስጥ አስገባዋለሁ» አልኩት። «ጥሩ ፈረስ ማለት ግን አምስት ጊዜ ቢሮጥ አንዴ የሚያሸንፍ ማለት ነው። በቀሩት አራቱ ጊዜ ለልጅቷ ምን ትላታለህ?» ዝም አለ። በኋላ 20 ዶላር ብቻ እንደሚያሲዝ ነገረኝ።

እናንተም ፈረስ ይሁን ኳስ፣ ከመወራረዳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ገንዘብ ቢጠፋ ከእኔ ሌላ የሚያለቅስ ሰው አለ? ካለ ገንዘቡ የእናንተ ብቻ አይደለም። አባቶች «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለዋል። የቤት ኪራይና የሠርግ ወጪ ደግሞ ጭራሽ የፈረስ ሥራ አይደለም።