ራዳሩና ጌጁ ለምን አይስማሙም?

ከወልቂጤ ወደ ጊቤ ሸለቆ በሚያወርደው የጅማ መንገድ፣ ወይም ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ሆሳዕና በሚዘልቀው መንገድ የሚመላለስ ሰው አንድ ክርክር ቢሰማ አይደንቀውም። የትራፊክ ፖሊሱ «72 ይዤሃለሁ» ይላል፤ ሾፌሩ «አለቃ፣ የእኔ ጌጅ ከ60 አላለፈም» ብሎ ይምላል። ቅጣቱና የመንጃ ፈቃዱ ጉዳይ የቤተሰብ እንጀራ የሚነካ በመሆኑ፣ ነገሩን በፊዚክስ ዓይን ልናየው ወደድን።

በእጅ የሚያዝ ራዳር በሴኮንድ 24.15 ቢሊዮን ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ሞገድ ይልካል። ክርስቲያን ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 ባስረዳው ክሥተት መሠረት፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየቀረበ ከሚመጣ መኪና ላይ ነጥሮ የሚመለሰው ሞገድ ድግግሞሹ በ2,680 ኸርዝ ያህል ይጨምራል። ይህ ልዩነት ጆሮ በሚሰማው የድምፅ ክልል ውስጥ ይገኛል። ስለዚህም በቤተ ሙከራ የምናውቀው የድምፅ ሹካ ለራዳር መፈተኛ ይሆናል፤ በ2,680 ኸርዝ የሚርገበገብ ሹካ ፊቱ ሲያዝ መሣሪያው 60 ማንበብ አለበት። ደህና የሆነ ራዳር ከአንድ ወይም ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ አይስትም።

ፖሊሱ ከመንገዱ ዳር ቆሞ አግድም ቢያነጣጥርስ? የማዕዘኑ ጉዳይ የሚጠቅመው ሾፌሩን ነው። በ20 ዲግሪ ማዕዘን የታየ የ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 75 ሆኖ ይነበባል።

በጀርመን እስከ 100 ኪሎ ሜትር ድረስ ከተለካው ፍጥነት 3 ኪሎ ሜትር ይቀነሳል። ወሰኑ 60 በሆነበት ስፍራ 63 የተለካ ሾፌር አይቀጣም ማለት ነው። የመሣሪያው ስሕተት በተከሳሹ ላይ እንዳይወድቅ የታሰበ በመሆኑ፣ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

የመኪናው ጌጅስ? በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 መሠረት ጌጅ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ማሳየት አይፈቀድለትም፤ አብልጦ ማሳየት ግን ይችላል። በእውነት 60 የሚሄድ መኪና 70 ሊያሳይ ይችላል። እንግዲህ ጌጁ ካልተበላሸ፣ 60 እያየ የሚነዳ ሾፌር 72 ሊያዝ አይገባውም። ጌጁ የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ስለሆነ፣ ዲያሜትሩ በ10 በመቶ የሚበልጥ ጎማ ቢገጠምለት እውነተኛው ፍጥነት 66 ይሆናል። የራዳሩን ስሕተት ብንጨምርበትም 68 እንጂ 72 አይደርስም።

የሚቀረው ጥርጣሬ ራዳሩ የማንን ፍጥነት እንዳነበበ ነው። በ12 ዲግሪ የሚሰራጭ ሞገድ 200 ሜትር ሲርቅ ስፋቱ 42 ሜትር ይደርሳል። የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ በሆነችው ቡታጅራ በገበያ ቀን በዚህ ስፋት ውስጥ ባጃጁም፣ ሚኒባሱም፣ ኢሱዙውም ይገባሉ፤ ከኋላ የሚመጣው የኢሱዙ ሰፊ ፊት ደግሞ ከባጃጅ ይልቅ ሞገዱን አጠንክሮ ይመልሳል። የሌዘር መለኪያ ጨረር በዚያው ርቀት ከ60 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይሰፋም። ራዳር የያዘ ፖሊስ ግን ቁጥሩን ከመጻፉ በፊት መንገዱ ላይ ስንት መኪና እንደነበረ መቁጠር ይኖርበታል።