የከፋውን ሲዲ ይዘው ይሂዱ

እማዬ የታላቅ እህቴን የሰርግ ሲዲ የምታስቀምጠው በነጠላ ጠቅልላ፣ ሳጥን ውስጥ ነው። ቪሲዲ ነው፤ ወረታ የተቀረጸ። መጨረሻው ላይ አያቴ ቆመው ሙሽሮቹን ይመርቃሉ። አያቴ አርፈዋል፤ ድምፃቸው የቀረልን እዚያች ሲዲ ላይ ብቻ ነው። የድሮው ዴካችን ታዲያ ጭፈራውን ሁሉ አሳምሮ ያሳይና ልክ ምርቃቱ ጋ ሲደርስ ምስሉ ይሰባበራል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ቀጥ። አዲስ እንድገዛ ታዘዝኩ።

ሱቁ ውስጥ የተደረደሩት የዲቪዲ ዴኮች የአንዳቸውም ስም ከዚህ በፊት በጆሮዬ ገብቶ አያውቅም። ዋጋቸው ግን ለኪሳችን የሚስማማ ነው። ከነዚህ እንዴት ይመረጣል?

የዴኩ ክዳን ሲፈታ የሚታየውን ላስቀድም። ከሳጥኑ ግማሽ የሚበልጠው ባዶ ነው። አንድ ትንሽ የኃይል ቦርድ፣ አንድ ዋና ቺፕ ያለበት ቦርድ፣ ሲዲውን የሚያሽከረክር ሞተርና ሌንስ፣ በቃ። ዋናውን ቺፕ የሚሠሩት ኩባንያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሚዲያቴክና ሰንፕላስ የተባሉት የታይዋን ድርጅቶች ከነሱ መካከል ናቸው። ፋብሪካው ተመሳሳይ ዕቃ ገጣጥሞ ፊቱ ላይ ገዢው የጠየቀውን ስም ይለጥፋል። ስለዚህ ስም እየለዩ መጨነቅ ትርፉ ድካም ነው። መታየት ያለበት ሌንሱ፣ ኃይሉና ከኋላ ያሉት ቀዳዳዎች ናቸው።

ሌንሱ የምስር ፍሬ የምታህል የምታበራ ነጥብ ናት። ከሥሯ የሌዘር ብርሃን ይወጣል፣ ሲዲው ላይ ያርፋል፣ ነጥሮ ይመለሳል። ሲዲው ላይ በዓይን የማይታዩ ጉድጓዶች በጥምዝምዝ መስመር ተደርድረዋል፤ ብርሃኑ ጉድጓድ ሲያገኝ ደክሞ፣ ለጥ ያለ ቦታ ሲያገኝ ደምቆ ይመለሳል። ከዚህ መድመቅና መደብዘዝ ነው ምስሉም ድምፁም የሚወጣው። የዲቪዲ መስመሮች እጅግ የተጠጋጉ ናቸው፤ በአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ላይ መቶ ያህሉ ይሰለፋሉ። ሌንሷ በቀጫጭን ሽቦዎች ተንጠልጥላ ሲዲው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር አብራው ከፍ ዝቅ እያለች መስመሯን ትከተላለች።

የአያቴ ምርቃት ለምን ጠፋ ለሚለው ቁልፉ እዚህ ነው። የድሮ ሸክላ ከዳር ጀምሮ ወደ መሐል ይሄድ ነበር። ሲዲ ግን ከመሐል ተነሥቶ ወደ ዳር ነው የሚነበበው። የፊልሙ መጀመሪያ መሐል፣ መጨረሻው ዳር ላይ ነው። ጣት የሚነካው ዳሩን ነው። ሲዲው ትንሽ ከጎበጠ የበለጠ የሚዋዥቀውም ዳሩ ነው። የደከመ ሌንስ መሐል ላይ እንደምንም ይጎተትና ዳር ሲደርስ እጅ ይሰጣል። ባለሱቅ ደግሞ የሚያሳየው አዲስ፣ ጭረት የሌለው ሲዲ አስገብቶ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ነው። እሱን የማያነብ ዴክ የለም።

ሌላም አለ። በአንድ ዴክ ውስጥ ያሉት ሁለት ዓይነት ሌዘሮች ናቸው። ሲዲና ቪሲዲ የሚነበቡት 780 ናኖሜትር በሆነው ለዓይን በማይታየው ብርሃን ሲሆን ዲቪዲ ደግሞ 650 ናኖሜትር በሆነው ቀዩ ነው። አንዱ ደክሞ ሌላው ደኅና ሊሆን ይችላል። ዲቪዲ ላይ ጎበዝ የሆነ ዴክ ቤት ውስጥ የተቀረጸ ቪሲዲ ሲሰጡት «ዲስክ የለም» ካለ ነገሩ ይኸው ነው። ስለዚህ ዲቪዲም ቪሲዲም ይዘው ይሂዱ፣ ሁለቱንም መጨረሻቸው ድረስ አስዘልለው ይዩ።

እኛ ባለንበት በፎገራ ሜዳ ሌንስ ቶሎ የሚያረጅበት ምክንያት አለው። ሩዝ ሲፈተግ የሚነሣው ብናኝ ከወፍጮ ቤት ወጥቶ መንገዱን ተሻግሮ ቤት ይገባል። ጣት ቢያሳልፉበት ደረቅ ዱቄት ይመስላል፤ ከምድጃና ከቡና ጭስ ጋር ሲገናኝ ግን ይጣበቃል። ክረምት ደግሞ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ውሃ ሲለብስ ቤቱ ሁሉ እርጥበት ነው። ወንዛዬ ፍል ውሃ አጠገብ መነጽር አድርጎ የቆመ ሰው መነጽሩ እንዴት እንደሚሸፈን ያውቃል፤ ሌንስም ከብርድ ወደ ሙቅ ቤት ሲገባ እንዲሁ ይሆናል። አንድ ሰዓት ያህል ሳይከፍቱ ማቆየት ነው። ለብናኙ፣ ዴኩን ከሶኬት ነቅሎ፣ ንጹሕ የፋርማሲ አልኮል በነካ የጆሮ ጥጥ ሌንሷን ቀስ ብሎ ማበስ ይበቃል። በአረቄ የሚያብሱ አይቻለሁ፤ ይቅርባቸው፣ ሲደርቅ እድፍ ይተዋል። በማይሠራበት ጊዜ ጨርቅ ያልብሱት፤ ሲሠራ ግን ጨርቁ ይነሣ፣ አለዚያ ይግላል።

ኃይሉን በተመለከተ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። «100–240» የሚለው «220» ብቻ ከሚለው ይሻላል፤ መብራት ሲወርድ አይጠፋም። ከፍ ብሎ ሲመጣ ግን ማንንም አይምርም። መብራት ሲሄድ መንቀል ከየትኛውም ስታቢላይዘር የረከሰ መከላከያ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ። ሆም ቴአትር ያለው ሰው ስድስት ድምፅ ማጉያ ስለገዛ ከስድስቱም የተለያየ ድምፅ የሚወጣ ይመስለዋል። ቪሲዲ ከነመፈጠሩ የቀኝና የግራ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። 5.1 የሚባለው፣ ማለትም አምስት ድምፅ ማጉያና አንድ ቤዝ፣ የሚገኘው እንዲያ ሆኖ የተዘጋጀ ዲቪዲ ላይ ነው። ያኔም ቢሆን ዴኩ ከኋላው ስድስት የድምፅ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል፤ ወይም በአንዷ የዲጂታል ቀዳዳ በኩል የሚቀበልና የሚፈታ ሆም ቴአትር ያስፈልጋል። በቀዩና በነጩ ገመድ ብቻ አገናኝተው ሙዚቃው እየተሰማ የሰዎቹ ንግግር ከጠፋ ዴኩን አይውቀሱት። ንግግሩ ያለው በመሐለኛው ድምፅ ማጉያ ድርሻ ውስጥ ነው። የድምፅ ቅንብሩ ውስጥ ገብተው «ስቴሪዮ» ካሉት ይመለሳል።

ኤችዲኤምአይ ያለው ይሻላል ወይ? አዲሱ ቴሌቪዥን የሦስቱ ቀለም ገመድ ቀዳዳ ከሌለው ግድ ነው። ለጥራት ብለው ግን ብዙ አይጨምሩበት። የቪሲዲ ምስል 352 በ288 ነጥብ ነው፤ ቴሌቪዥኑ 1920 በ1080። ዴኩ ከአንዷ ነጥብ ሃያ ያህል መፍጠር አለበት ማለት ነው፤ ያልተቀረጸን ነገር ደግሞ ማምጣት አይችልም።

ስም የለሹ ከባለስሙ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። የፊልም ዲቪዲዎች ዓለምን በቁጥር ከፋፍለው ነው የሚሸጡት፤ አሜሪካ 1 ናት፣ ኢትዮጵያ 5። ባለስሙ ዴክ ብዙ ጊዜ የሌላውን አገር ቁጥር አልቀበልም ይላል። የረከሱት ግን አብዛኞቹ ሁሉንም ያነባሉ፤ በአሜሪካው ኤንቲኤስሲ የተቀረጸውንም ወደ እኛው ፓል ይገለብጣሉ። ዘመድ ከባሕር ማዶ ሲዲ ለሚልክለት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዩኤስቢ ቀዳዳ ያለውን ይምረጡ የምለው ለሲዲዎቹ ብዬ ነው። ቤት የሚቀረጽ ሲዲ የሚጻፈው በቀለም ላይ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይደበዝዛል። ሥዕል ያለበት ፊቱም አይጫር፤ የቪሲዲው ምስል ያለው ከዚያች ስስ ቅብ ሥር ነው። ሳይረፍድ ኮምፒውተር ያለው ሰው ጋ ሄዶ ፍላሽ ላይ ማስገልበጥ ያስፈልጋል።

የሰርጉን ሲዲ ይዤ ሄድኩ። ባለሱቁ የራሱን ሲዲ ሊያስገባ ሲል «ይህንን» አልኩት። የመጀመሪያው ዴክ ጭፈራው ላይ ቆመ። ሁለተኛው ዳሩ ላይ ተንቀጠቀጠ። ሦስተኛውን ከፍተን ወደ መጨረሻው አዘለልነው፤ ሞተሩ ትንሽ አጓራና አያቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ። «ውለዱ፣ ክበዱ» ሲሉ ዘይት ልትገዛ የመጣች ሴት ዕቃዋን መሬት አስቀምጣ እጇን ዘረጋችና «አሜን» አለች፤ ባለሱቁም ተከተላት። እኔም ገንዘቡን ቆጠርኩ።