የእጥበት ክርና ተሳፋሪው ቫይረስ

ጋቢና ነጠላ ሲታጠቡ የሚረግፈው የጥጥ ክር ውሎ አድሮ ይበሰብሳል። ከአዲስ አበባው መገናኛ በርካሽ የሚገዛው ሰልባጅ ሹራብ ግን ብዙውን ጊዜ አክሪሊክ ወይም ፖሊስተር ስለሆነ የሚረግፈው ፕላስቲክ ነው። በእንግሊዝ የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሰሉት፣ 6 ኪሎ የአክሪሊክ ልብስ በማሽን አንዴ ሲታጠብ ከ700,000 በላይ ብናኝ ክር ሊለቅ ይችላል። በሳፋ የሚያጥብ ሰው ግን ትንሽ እፎይ ይበል፤ በእጅ ሲታጠብ የሚወጣው ክር ከማሽኑ በጣም ያነሰ ነው።

ክር የያዘው እጣቢ ከሳፋው ወዴት ይሄዳል? የፍሳሽ መስመር ያልደረሰበት የየካ ግቢ እጣቢውን ቦይ ውስጥ ይደፋል፤ ብዙው ቦይ ደግሞ እንደ ቀበና ወዳሉ ወንዞች ይወርዳል። ከእንጦጦ ተዳፋት የሚነሳው ቀበና ሰፈሮቹን ሲያቋርጥ ከመጸዳጃ ቤት የሚያመልጥ ፍሳሽም ይቀላቀለዋል። ክሩና ከዚህ ፍሳሽ ጋር የሚመጣው ቫይረስ የሚገናኙት እንግዲህ እዚህ ነው።

ሕፃናትን በተቅማጥ የሚያጣድፈውን ሮታ ቫይረስ እንውሰድ። ክሩ ከእሱ ከመቶ እጥፍ በላይ ይወፍራልና ለማረፊያ ሰፊ ነው። ሁለቱም ውሃ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው መገፋፋት ነበረባቸው። ነገር ግን ውሃው ውስጥ የሟሙት ካልሲየምና ማግኒዚየም ፖዘቲቭ ናቸውና መሀል ገብተው ያያይዟቸዋል። ከውሃ የሚሸሹ የገጽ ክፍሎቻቸውም እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ክሩ ሲሰነብት ደግሞ ባክቴሪያዎች ሙልጭልጭ ልባስ ያለብሱታል፤ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ስንረግጥ የሚያንሸራትተን ዓይነት። ቫይረሱ እዚያ ውስጥ ይሸሸጋል።

ቫይረሱ ሕያው ሕዋስ ካላገኘ ስለማይራባ ክሩ ላይ አይበዛም፤ ዕድሜ ግን ያገኛል። የስኮትላንዱ ስተርሊንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት፣ በሐይቅ ውሃ ውስጥ በነበሩ የፕላስቲክ እንክብሎች ላይ የተጣበቀ ሮታ ቫይረስ እስከ 3 ቀን የመበከል አቅሙን ይዞ ቆይቷል። በዚያው ጥናት የተፈተነው፣ የስብ ሽፋን ያለው ሌላ ቫይረስ ግን ቶሎ ደክሟል። ሮታ ይህ ሽፋን ስለሌለው በሳሙናም በቀላሉ አይበገርም።

ቀበና ወደ አቃቂ፣ አቃቂም ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። በመንገዱ ሰላጣና ቆስጣ በዚሁ ውሃ ይለማሉ፤ ክሩ ላይ የሰነበተው ቫይረስም በዚህ በኩል ወደ ገበታ ሊመለስ ይችላል።

ኢትዮጵያ የሮታ ክትባትን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ትሰጣለች፤ ትልቁ ጋሻ እሱ ነው። ክሩን ዋና ጥፋተኛ ማድረግ ግን ተገቢ አይመስለኝም፤ ማጓጓዣ እንጂ ምንጭ አይደለም። ገንዘብ ካለ ቀድሞ መጸዳጃውን ከቦዩ መለየት ይገባል፤ የሹራብ ክር ብቻውን ቀበናን ቢሞላው ሮታን ከየትም አያመጣም።