ኮንክሪት ሳይጠነክር ጥንካሬውን ስለሚገምተው ቀመር

የሊድሱ ግንበኛ ጆሴፍ አስፕዲን እ.ኤ.አ. በ1824 ፖርትላንድ ሲሚንቶ ብሎ ለሰየመው ዱቄት የባለቤትነት ፈቃድ ካገኘ ወዲህ፣ ድልድዩና ግድቡ፣ መቅደሱና አዳራሹ በዚሁ ስም በሚጠራ ሲሚንቶ ሲታነጽ ኖሯል፤ ይሁን እንጂ የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ተዋሕዶ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በሚግል እቶን ሲቃጠል፣ በድንጋዩ ባሕርይ ውስጥ ታስሮ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃልና፣ የነዳጁ ጭስ ሲታከልበት የሲሚንቶ ሥራ የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚሰደው ከዚሁ ጋዝ ከመቶ 7 ወይም 8 እጅ ያህሉን ይይዛል። ከድንጋዩ ከራሱ የሚወጣው ደግሞ ነዳጅን በመለወጥ የሚቀር ስላይደለ፣ አንዱ ዋና መፍትሔ ሲሚንቶውን ማሳነስ ነው።

ስለዚህም ሊቃውንቱ በከፊል ሲሚንቶ ፈንታ የድንጋይ ከሰል አመድ፣ ከብረት ማቅለጫ የሚወጣ ዝቃጭ፣ የተቃጠለ ሸክላ ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ ይጨምራሉ፤ በአገራችን ገበያ ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶም ከዚሁ ወገን ነው። ነገር ግን እነዚህ ምትኮች፣ ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ሲገናኝ ከሚያወጣው ኖራ ጋር ቀስ እያሉ የሚዋሐዱ በመሆናቸው፣ ኮንክሪቱ በመጀመሪያው ሳምንት ደካማ መስሎ ከወራት በኋላ ሊበረታ ይችላል፤ ጠባያቸውም እንደ መገኛቸው ይለያያል።

የቺካጎው መምህር ዳፍ አብራምስ እ.ኤ.አ. በ1918 ውሃው ከሲሚንቶው አንጻር በበዛ መጠን ጥንካሬው እንደሚቀንስ የገለጸበት ሕግ፣ ለቀላል ድብልቅ የሚበቃ ቢሆንም፣ ይህን ሁሉ ምሥጢር ለመፍታት አልቻለም፤ ናሙናውን 28 ቀን አቆይቶ በመጭመቂያ መስበር ደግሞ ለእያንዳንዱ ሙከራ አንድ ወር ግድም ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ1998 የታይዋኑ ተመራማሪ ኢ ቼንግ ዬ ለዚህ ችግር ማሽን ለርኒንግ የሚባለውን ጥበብ ተጠቀመ። እርሱ አሰባስቦ ለሕዝብ ያበረከተው መዝገብ 1030 የተሰበሩ ናሙናዎችን ሲይዝ፣ በእያንዳንዱ ላይ የሲሚንቶው፣ የዝቃጩ፣ የአመዱ፣ የውሃው፣ የማቅጠኛው ቅመም፣ የጠጠሩና የአሸዋው መጠን ከናሙናው ዕድሜ ጋር ተጽፏል። የቅኔ ተማሪ ለመምህሩ ነግሮ፣ ታርሞ፣ እንደ ገና እንደሚቆጥር፣ ኮምፒዩተሩም ጥንካሬውን ይገምታል፤ ግምቱ ከእውነተኛው ውጤት የራቀበት ልክ ይታያል፤ በዚያው ልክ የውስጥ ስሌቱን ያርማል፤ ይህንንም ስሕተቱ እስኪያንስ ድረስ እልፍ ጊዜ ይደጋግመዋል።

ከዚያ በኋላ ጥያቄውን መገልበጥ ይቻላል፤ ይኸውም የተፈለገውን ጥንካሬ በጥቂት ሲሚንቶ የሚሰጠው ድብልቅ የትኛው ነው ማለት ነው። የሜታ ኩባንያና የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚሁ መንገድ የነደፉትን ድብልቅ በቤተ ሙከራ ፈትነው፣ በኢሊኖይ ግዛት በዲካልብ ይሠራ ለነበረ የዳታ ማዕከል ግንባታ አውለውታል።

ሆኖም ቀመሩ ያልተማረውን አያውቅም፤ በከሰል አመድ የሠለጠነው ፑሚስ ስለሚባለው የስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቢጠየቅ ቁጥር መስጠቱ አይቀርም፣ ቁጥሩ ግን አይታመንም። ስለዚህ መጭመቂያውን የሚሽር ሳይሆን፣ ከብዙ ሺህ ድብልቆች መካከል 28 ቀን ሊጠበቁ የሚገባቸውን ጥቂቶች የሚመርጥ ረዳት ነው። በአገራችን ሊጠቀሙበት የሚሹም ሁሉ ኮምፒዩተር ከመግዛታቸው በፊት፣ በየቤተ ሙከራው የሚሰበረውን ናሙና ውጤት ከድብልቁ መጠንና ከጥሬ ዕቃው መገኛ ጋር አሟልተው በአንድ መዝገብ ማኖር ይገባቸዋል።