ጠመንጃው ከወረደ በኋላ

ድምፅ፦ ነፋስ የእንሰት ቅጠል ሲያማታ። የከዘራ ጫፍ አለት ሲነካ። ከሩቅ ዶሮ።

ተራኪ፦ ታኅሣሥ ነው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል። ከጉጌ ተራራ በኩል የሚወርደው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ቡልኳቸውን እስከ አገጫቸው የተከናነቡ አንድ አዛውንት ከፊቴ ይሄዳሉ። ሰባ አምስትን ተሻግረዋል፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። መንገዱን የሚመርጡት በእግራቸው ጣት ነው፤ መጀመሪያ ጣታቸውን ያሳርፋሉ፣ ድንጋዩ ካልተነቃነቀ ተረከዛቸውን ይጥላሉ። ጥቂት እንደሄድን ዘወር ብለው ባትሪዬን እንዳጠፋ በእጃቸው አመለከቱኝ። በእጁ ብርሃን የያዘ ሰው ከብርሃኑ ክብ ውጪ ያለውን እንደማያይ ያወቁት በወጣትነታቸው፣ በአደን ነው።

አጠፋሁት። ትንሽ ቆይቶ አለቱ፣ ቁጥቋጦው፣ የሳቸውም ነጭ ቡልኮ እየለየ መጣ።

ድምፅ፦ እርምጃ። ጠጠር ሲንከባለል።

ተራኪ፦ ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ ከአባያ ሐይቅ በላይ አለት ላይ የተቀመጠ የጋሞ መንደር ነው። ከደጃፉ ወደ ታች ያየ ሰው መጀመሪያ የላንቴን የሙዝ እርሻ፣ ቀጥሎ ቀይ ቡናማውን አባያ፣ ከሐይቁ ማዶ ደግሞ የአማሮን ተራሮች ያያል። በስተደቡብ፣ አባያንና ጫሞን የሚለየው የእግዜር ድልድይ አለ። ከድልድዩ ባሻገር የነጭ ሣር ሜዳ ይዘረጋል።

የዛሬው ፕሮግራማችን ስለ አደን ነው። አዳኙ ካረጀ፣ ጠመንጃውም ከእጁ ከወጣ በኋላ ስለሚቀረው አደን።

በሰሜኑ ዓለም ኅዳርና ታኅሣሥ የአጋዘን አደን ወራት ናቸው። በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በፊንላንድ ጡረታ የወጡ ሰዎች ወፍራም ካፖርት ደርበው፣ ትኩስ ቡና በፔርሙዝ ይዘው ጫካ ገብተው ይውላሉ። ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ያንን ብርድ ነው። የኛ ብርድ በረዶ የለውም። ክረምት የምንለውም ዝናቡን ነው። በዚህ በጋሞ ቆላ ደግሞ ዋናው ዝናብ በበልግ ይመጣል፣ በመኸርም ይደገማል። ከኅዳር ማለቂያ ጀምሮ ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ሣሩ ይደርቃል። ኩሬው ሲጎድል እንስሳው ወደ ሐይቁ ይጠጋል። የአዳኝ ወቅት ይኼ ነበር።

አጋዘን የምንለውም ከነሱ ይለያል። የፈረንጆቹ እንስሳ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ በየዓመቱም ወድቆ እንደገና ይበቅላል። የኛ የቆላ አጋዘን ቀንዱ አንዴ ከበቀለ አይወድቅም። እንደ ገመድ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ሙሉ ወንድ ሲሆን ሁለት ዙር ተኩል ይሞላል። ሴቷ ቀንድ የላትም። ጎናቸው ላይ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ስለሚወርዱ፣ ፀሐይ በቅጠል መሐል ስታልፍ ጥላና ብርሃን ይመስላሉ። አሥር እርምጃ ላይ ቆሞ እያየህ፣ አንተ ላታየው ትችላለህ። ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮኻል፣ ያውም ገደል የሚያስተጋባ ጩኸት። ሲሮጥ አገጩን ወደ ላይ ያነሳና ቀንዱን በጀርባው ላይ ያስተኛል፤ ቁጥቋጦው እንዳይዘው።

አዛውንቱ ይህን ሲነግሩኝ የራሳቸውን አገጭ አነሱ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። ለአፍታ እንስሳውን አየሁት።

ድምፅ፦ ከአጋዘን ቀንድ የተሠራ መለከት፣ ረዥም፣ አንድ ጊዜ። ከዚያ ዝምታ።

ተራኪ፦ ትልቅ አውሬ የጣለ ሰው በድሮው አገራችን ከደቡብ እስከ ሰሜን የተከበረ ነበር። ግዳይ የቆጠረ ይፎክራል፣ ይሸልላል፣ በሰው መሐል ቦታው ከፍ ይላል። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ የወንድ መመዘኛ ነበሩ። የውጭ ሰዎችም በዚሁ ጥም ወደዚህ ምድር መጥተዋል። ጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በ1893 ከዚህ በስተደቡብ፣ ቡርጂ አካባቢ ዝሆን ሲያድን ዝሆኑ ገደለው። በ1896 የመጣው ያገሩ ሰው ቪቶሪዮ ቦቴጎ አባያን በንግሥቱ ስም ማርገሪታ፣ ጫሞን ደግሞ በሟቹ ስም ሩስፖሊ ብሎ ካርታ ላይ ጻፈ። ሁለቱም ስሞች አሮጌ ካርታ ላይ ቀርተዋል። ሐይቆቹ ዛሬም የሚጠሩት አባያና ጫሞ ተብለው ነው። ዝሆኑ ግን ዛሬ በነጭ ሣር ሜዳ የለም።

በአባያ ላይ የሌላ ሰው አደንም ነበር። የጊዲቾ ደሴት ሰዎች ቀላል ተንሳፋፊ እንጨት አስረው በሠሩት ታንኳ፣ በጦር ጉማሬ ያድኑ ነበር። ከጉማሬ ጋር ውኃ ላይ መጋጠም! ኦቾሎዎች ከላይ ሆነው የሚያዩት ሐይቅ ይህን ሁሉ ታሪክ ይዟል።

ድምፅ፦ ነፋሱ ይቀንሳል። ወፎች።

ተራኪ፦ በ1966 ዓ.ም. የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። 514 ካሬ ኪሎ ሜትር፤ የሁለቱን ሐይቆች ከፊልና በመሐላቸው ያለውን ሜዳ ይዞ። ለመቋቋሙ ዋና ምክንያት ከሆኑት እንስሳት አንዱ የስዋይን ቆርኬ ነው። ቆርኬው በአንድ ዘመን በሶማሌ ሜዳ ሳይቀር በመንጋ ይሄድ ነበር፤ ዛሬ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። በክፉ ቀን ዘመን ከብቱን የፈጀው የከብት ደስታ በሽታ የዱሩንም እንስሳ ፈጅቷል፤ የተረፈውን ጠመንጃና ማረሻ አሳደዱት። ፓርኩ በተመሠረተበት ጊዜ ሰንቀሌ ከሚባል ስፍራ ቆርኬዎች ተጓጉዘው እዚህ ተለቀቁ። ከጊዜ በኋላ ግን ተመናመኑ። ዛሬ ቆርኬን በመንጋ ማየት የፈለገ የጋሞ ሰው፣ በ1997 ዓ.ም. ወደተከለለው ወደ ማዜ ብሔራዊ ፓርክ ነው የሚሄደው።

በ1999 ዓ.ም. የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጣ። ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። በፈቃድ የሚታደነው በተከለለ የአደን ቀጠና ሲሆን፣ ዋጋው በውጭ ምንዛሪ የሚታሰብ ስለሆነ የሚመጡት በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። በአርሲና በባሌ ተራሮች ያለውን፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኘውን የደጋ አጋዘን ለማደን ውቅያኖስ የሚሻገሩ አሉ።

እኔ ሕጉ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። እንስሳቱ ተመናምነው ነበር፤ አሁንም እያለቁ ነው። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ጠመንጃው ሲወርድ አዳኙንም አብረን አወረድነው። አጋዘኑ በየትኛው ሸለቆ እንደሚያድር፣ በየትኛው ወር ወደ ውኃ እንደሚወርድ፣ የትኛው ምንጭ መቼ እንደደረቀ በእግሩ ያጠና ሰው በየመንደሩ አለ። ጠይቀን የጻፍንለት ለስንቱ ነው? ከሃምሳ ዓመት በፊት በሜዳው ላይ ምን ያህል እንስሳ እንደነበረ በዓይናቸው ያዩት ሰዎች በየዓመቱ እያነሱ ነው።

ድምፅ፦ እርምጃ ይቆማል። ሹክሹክታ።

ተራኪ፦ አዛውንቱ ቆሙ። ጎህ ቀዷል። ከአለቱ ስንጥቅ አንድ ሽኮኮ ብቅ አለች፤ ከኋላዋ ሁለት ሌሎች። ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው፣ ሆዳቸውን ድንጋይ ላይ አስተኝተው ፀሐይ ይጠብቃሉ። ሽኮኮ የሰውነቷን ሙቀት በደንብ መያዝ ስለማትችል ቀኗን የምትጀምረው በመሞቅ ነው። ጋሼ ቡልኳቸውን ሰብሰብ አድርገው እነሱን በሚያሳይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው።

ከቅርብ ሳያቸው ጉንጫቸው ላይ ሳንቲም የሚያክል፣ ቆዳው ሳሳ ብሎ የሚያበራ ጠባሳ አለ። ቁንጭር ነው፤ በልጅነታቸው የያዛቸው። ኦቾሎ በሕክምና ጥናት ዓለም ስሟ ከሚነሳበት ምክንያት አንዱ ይኼ ነው። የበሽታው ጥገኛ ተሕዋስ በነዚሁ ሽኮኮዎች ውስጥ ይኖራል፤ በአለት ዋሻ የምትራባ ደቃቃ የአሸዋ ዝንብ በሌሊት እየነከሰች ወደ ሰው ታስተላልፈዋለች። በብዛት የሚያዙት ልጆች ናቸው። አንዴ ይዞት የዳነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይደገምበትም፤ ስለዚህ በዚህ አለት ላይ ያደገ ሽማግሌ ብዙ ጊዜ ጠባሳውን ፊቱ ላይ ይዞ ይኖራል። ጋሼ ስለ ጠባሳው ስጠይቃቸው በአገጫቸው ወደ ሽኮኮዎቹ ጠቆሙና ፈገግ አሉ፤ እንደ ጎረቤት ነው የሚያዩአቸው።

ከተቀመጥንበት ሆነው በሌሊት ስለሚበሩ ወፎች አጫወቱኝ። አንዷን ላንሳ። ቀን መሬት ላይ ተለጥፋ የምትውል፣ ሲመሽ ነፍሳት እያሳደደች የምትበር ወፍ አለች። እ.ኤ.አ. በ1990 በነጭ ሣር ፓርክ ያጠኑ የነበሩ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ ሞታ ያገኙት አንዲት ወፍ ከክንፏ በቀር የሚረባ ነገር አልተረፈላትም። ክንፏን ይዘው ሄዱ። ከታወቁት ሁሉ የተለየች ሆና ተገኘችና በ1995 ሳይንሳዊ ስም ወጣላት፤ ሶላላ፣ ብቸኛ ክንፍ እንደማለት ነው። ከአንድ ክንፍ በመነሣት አንድ ዝርያ ወደ ዓለም መዝገብ ገባ። እንግዲህ የነዚህ ሽማግሌዎች ትዝታ ስንት ክንፍ ይሆናል?

ድምፅ፦ የጣሳ ድምፅ። ቆጮ ሲቆረስ።

ተራኪ፦ ፀሐይ አለቱን ስትነካ ጋሼ ከኮሮጇቸው ቆጮና በቅጠል የተጠቀለለ ዳታ አወጡ። ዳታው ምላስ ላይ እንደ ፍም ነው፤ ብርዱን እስከ ሆድ ድረስ ያባርራል። በሁለት ጣታቸው ቆርሰው መጀመሪያ ለኔ ሰጡኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ጋሼ ከኦቾሎ ወርደው፣ ገበያ ውለው፣ ተመልሰው ሲወጡ ያንን በአንድ ቀን ይጨርሱታል። ጉልበታቸው አያማቸውም ማለት አይደለም። ሲወጡ በየመታጠፊያው ይቆማሉ። ሲቆሙ ግን ዝም ብለው አይቆሙም፤ ማዶውን ያያሉ፣ ነፋሱን ያሸታሉ። ዕረፍቱና አደኑ አንድ ሆነዋል።

በአዳኝነት ዘመናቸው አብዛኛው ቀን ያለ ግዳይ ያልፍ እንደነበር ነገሩኝ።

«ያኔ ባዶ እጄን ስመለስ አዝን ነበር» አሉኝ። «አሁን አያሳዝነኝም። እሱም ይኖራል፣ እኔም አየዋለሁ።»

ማታ ማታ ይህን ሁሉ ይዘው ወደ ዱቡሻ ይሄዳሉ። ዱቡሻ ጋሞ ጉዳዩን የሚመክርበት፣ ሽማግሌዎች በድንጋይ ወንበር ላይ የሚቀመጡበት የጉባኤ ሜዳ ነው። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ማርክ አቤሌስ ኦቾሎ ውስጥ ተቀምጦ ይህን የጉባኤ ሥርዓት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ አሳትሟል። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ ተራ ሳይደርስ አይገባም። ከዋናው ጉዳይ በኋላ፣ ጋያው ሲዞር፣ ወሬው ወደ ሜዳው ይወርዳል። ማን ምን አየ? የቱ ምንጭ ጎደለ? ወጣቶቹ ስልካቸውን እያዩም ቢሆን ጆሯቸውን ይሰጣሉ።

ድምፅ፦ የወፎች ድምፅ ይጨምራል። እርምጃ በደረቅ ቅጠል ላይ።

ተራኪ፦ ከአንድ ሸለቆ አፍ ስንደርስ ፀሐይ ሞቅ ብላለች። ለማየት የወጣንለት እንስሳ አልመጣም። ጋሼ ግን ለስላሳው አፈር ላይ ጎንበስ ብለው በከዘራቸው ጫፍ ዙሪያውን ክብ አደረጉ። በመሐሉ እንደ ተከፈለ ልብ ያለ ዱካ አለ።

«ድኩላ» አሉ።

ጠርዙ ስለታም ነው፤ አልፈረሰም። የሌሊት ነፍሳት ቢሻገሩበት ኖሮ በላዩ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ይታይ ነበር፤ የለም። ከላይ ካለው ቅጠል የተንጠባጠበው ጤዛ ከዱካው አጠገብ አፈሩን በስቷል፣ ዱካው ውስጥ ግን አልበሳም። ስለዚህ ጤዛው ከወረደ በኋላ አልፏል፤ እኛ ቆጮ ስንበላ።

በጣታቸው ርዝመቱን ለኩ። ከዚያ ከቁጥቋጦው አንዲት ቅጠል ቀጥፈው ዱካውን ሸፈኑት። ቀን ፍየሎች እዚህ ያልፋሉ፤ ማታ የልጅ ልጃቸውን አምጥተው ሊያሳዩት ነው።

ድምፅ፦ ከዘራ አለት ሲነካ። እየራቀ ይሄዳል።