ከእርዳታው ማሽላ ባሻገር፦ ስደተኛ እናቶች እርስ በርስ እንዴት ይደጋገፋሉ?

“ሴቶችን ማብቃት” የሚለውን አባባል በየስብሰባውና በየባነሩ ከማየታችን ብዛት ጆሯችን ለምዶታል። በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት እኔም ብዙ ባነር ሲሰቀልና ሲወርድ አይቻለሁ። ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ያየሁት ግን በጋምቤላ ክልል ኢታንግ አካባቢ ባሉት የስደተኞች መጠለያ ጣቢያዎች በሠራሁበት ጊዜ ነው።

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲቀሰቀስ፣ በፓጋክ በኩል የሚሻገረው ሕዝብ ማብቂያ አልነበረውም። ቴርኪዲና ኩሌ የተባሉት ጣቢያዎች የተከፈቱት በዚያው ዓመት ነው። ከመጡት ውስጥ እጅግ የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ባል ወይ ሞቷል፣ ወይ ጦርነቱ ውስጥ ነው፣ ወይ የት እንዳለ አይታወቅም። ስለዚህ የቤቱ አባወራ እናት ናት፤ አንዳንዴም አያት። የራሷን ሦስት ልጆች፣ በዚያ ላይ መንገድ ላይ ከወላጆቻቸው የተለያዩ ሁለት የጎረቤት ልጆች ይዛ የገባች ሴት ማየት ብርቅ አልነበረም።

የእኔ ሥራ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ማከም ነበር። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የላይኛው ክንዱ በጥብጣብ ይለካል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጥብጣቡ ቀይ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። ቀይ ላይ ያረፈ ልጅ ሌላ ሕመም ከሌለበትና ምግብ ከበላ፣ ፕላምፒ ነት እየተሰጠው ከቤቱ እየተመላለሰ ይታከማል። የምግብ ፍላጎቱ ከጠፋ ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ከታየበት ግን ተኝቶ መታከም አለበት።

“ይተኛ” ብሎ መጻፍ ለእኛ ቀላል ነው። እናትየዋ ግን የምታስበው ሌላ ነው። አንዱን ይዛ ስትተኛ አራቱን ማን ያበላቸዋል? ራሽን የሚሰጠው ሐሙስ ቢሆንና ካርዱ በስሟ ቢሆን ማን ይቀበልላታል? ድንኳኗን ማን ይጠብቅላታል? ስለዚህ ልጁ ትንሽ ዓይኑን ሲገልጥ፣ ሌሊት አዝላው ትወጣለች። ጠዋት ተረኛዋ ነርስ አልጋው ባዶ ሆኖ ታገኘዋለች፤ መዝገቡ ላይም “ጠፋች” ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ከሄዱት ልጆች ሁሉም በሕይወት ተመልሰው አልመጡም። “እናቶቹ ለልጃቸው ግድ የላቸውም” የሚል ባለሙያም ሰምቻለሁ። እኔ እንዲህ ያለውን አነጋገር ከድሮም አልወደውም።

መፍትሔው የመጣው ከሴቶቹ ነው። በየመንደሩ የእናት ለእናት ቡድን የሚባል ነበር፤ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት የሚሆኑ እናቶች በአንዲት መሪ እናት ቤት ይሰበሰባሉ። ሲቋቋም ዓላማው ስለ ጡት ማጥባትና ስለ ተጨማሪ ምግብ ለማስተማር ነበር፤ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ገንፎ፣ ወዘተ። እነሱ ግን ጨዋታውን ወደ ራሳቸው ጉዳይ አዞሩት። አንዲት እናት ልጅ ይዛ ስትተኛ፣ የቡድኑ ሴቶች የቀሩትን ልጆች ተከፋፍለው መውሰድ ጀመሩ። አንዷ ውኃ ትቀዳላታለች፣ አንዷ ዋልዋል ሠርታ ለልጆቹ ታቀርባለች። ራሽኑን የቡድኑ ሰው በውክልና እንዲቀበልላት መሪዋ እናት ከዞን ተጠሪው ጋር ተነጋግራ አስፈቀደች። ከዚያ በኋላ በዚያ መንደር ሌሊት የሚወጣ ሰው ቀነሰ። እኛ ጥብጣቡን እንዴት እንደሚይዙ ስናሳያቸው ደግሞ የጎረቤት ልጆችን ራሳቸው እየለኩ፣ ቢጫ ላይ ያለውን ቀይ ሳይሆን ያመጡልን ነበር። ነርስ ለሆነ ሰው ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም።

ያለ አባትና እናት የመጡትንም ልጆች ያቀፏቸው እነዚሁ ሴቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ልጅ ከማሳደጊያ ይልቅ ቋንቋውን የምትናገር፣ አገሩን የምታውቅ እናት ቤት ቢያድግ ይሻለዋል። ነገር ግን በራሽን ካርዱ ላይ ስሙ እስኪገባ ድረስ የአምስት ሰው ማሽላ ለሰባት ይበላል። ወረቀቱ አንድ ወር ሲዘገይ ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚቀንስ የልጅ እናት የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ ማሽላው ካነሣሁ፣ የሚሰጠው እህል ያልተፈጨ ነው። ለወፍጮ ገንዘብ የሌላት እናት ከእህሉ ቀንሳ ትሸጣለች። ማገዶም አብሮ አይሰጥም፤ ጫካ ተሄዶ ይለቀማል፣ ጫካው ውስጥ ደግሞ ሴት ልጅ ትደፈራለች። አንድ ድርጅት በዚያን ጊዜ የልብስ ስፌት መኪናዎች አምጥቶ በደማቅ ሥነ ሥርዓት አስመረቀ፣ ፎቶም ተነሣ። ክሩ ሲያልቅ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረም፤ የተሰፋውንም የሚገዛ ስለጠፋ መኪናዎቹ መጋዘን ገቡ። ሙያ ማስተማር መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ሴቶቹን ቀድሞ የጠየቃቸው ቢኖር ግን የሚመልሱትን እኔም አውቀዋለሁ፤ “ወፍጮ አቅርቡልን፣ ከማገዶ አሳርፉን” ነበር የሚሉት። በቀን ሦስትና አራት ሰዓት ከጫካ የተረፈላት ሴት ትምህርቱንም ንግዱንም ራሷ ትፈልገዋለች።

ውጭ የሚመጣ እርዳታ ደግሞ እንደሚቋረጥ አይተናል። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ የዓለም የምግብ ፕሮግራም በመላው አገሪቱ ለስደተኞች የሚሰጠውን ምግብ አቁሞ፣ የቀጠለው በ2016 መጀመሪያ ላይ ነው። እኔ ያኔ ጡረታ ወጥቼ አዲስ አበባ ነበርኩ። ያን ሰሞን ሳስብ የነበረው ስለ መጋዘኑ ሳይሆን ስለነዚያ የእናቶች ቡድኖች ነበር፤ የሚካፈሉት ቢጠፋ እንኳ ማን ቤት ጭስ እንዳልወጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

ጋምቤላ ሩቅ ነው የምትሉ አትጠፉም። ስደተኛ ቤተሰብ ግን እዚሁ አዲስ አበባም አለ፤ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያ፣ ከሱዳን፣ ከየመን የመጡ ተከራይተው አጠገባችን ይኖራሉ። ልጆቻቸው ከልጅ ልጆቻችን ጋር ይማራሉ። የእናት ለእናት ቡድን ያላት ግን ጥቂቷ ናት። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን የምታርስ ስደተኛ አራስ አውቃለሁ። ገንፎ ያገነፋችላት የታችኛው ፎቅ ሴትዮ ናት፤ ማንም ሳይልካት።

እናንተም አጠገባችሁ እንዲህ ያለች አራስ ካለች፣ ቡና ስታፈሉ ከመጥራት በተጨማሪ ሁለት ነገር ንገሯት። አንደኛ፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክትባት ለስደተኛም በነፃ ነው፤ ሲወለድ የሚሰጠው አለ፣ ከዚያ በ45 ቀኑ መጀመር አለበት፣ የኩፍኙ በ9 ወሩና በ15 ወሩ ነው። መንገዱን ካላወቀች አብራችኋት ሂዱ፤ ወረፋው ላይ ቋንቋ የሚያስተረጉምላት ካላገኘች ካርዱን ይዛ ልትመለስ ትችላለች። ሁለተኛ፣ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ስደተኞችም እንደ እኛው ልደት፣ ጋብቻና ሞት ያስመዘግባሉ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የልጁ አባት አብሯት ከሌለ፣ እናትየዋ ብቻዋን ሄዳ ማስመዝገብ ትችላለች።